ዝንጅብል ወይስ መርፌ? ባሕር ዳር ላይ የረዘመው ክር

በመድረካችን ራስን ከወረርሽኝ ስለመጠበቅ በተነሳ አንድ ጥያቄ ሥር የተደረደሩት መልሶች፣ ማለትም ክሩ፣ ስለረዘሙና አዲስ የሚገቡ አባላት ከላይ የተመለሰውን ደግመው እየጠየቁ ስላስቸገሩ፣ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጣለሁ። አወያይ ስለሆንኩ ገለልተኛ እንድሆን ይጠበቅብኛል። ምን ያህል እንደሚሳካልኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ጥያቄውን ያነሳችው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ቁርስ ቤት ያላት እህታችን ናት። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ የተባለው ገዳይ በሽታ መገኘቱን በሬዲዮ ሰምታ፣ እንደገና በር ዘግተን ልንቀመጥ ነው ወይ ብላ ደንግጣ ጻፈች። እናቷ አባይ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፣ ስኳርም አለባቸው። በኮሮናው ጊዜ የመጀመሪያውን አስትራዜኔካ ተከትበው ትኩሳትና ቁርጥማት ሁለት ቀን አስተኛቸው፤ ሁለተኛውን አልወስድም ብለው በዚያው ቀሩ። ልጅቷን ያሳሰባት ቀጣዩ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ሰው ራሱን የሚጠብቀው በክትባት ነው ወይስ በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በንጽሕና? ጎረቤቶቿ በዚህ ለሁለት ተከፍለው ቡና ላይ እስከመኳረፍ ደርሰዋል። እሷ ግን ነገሩን ሳታውቅ ከእናቷ ጋር ክርክር መግጠም አልፈለገችም።

1ኛው መልስ ለእናቷ ዕድሜና ጤና የሚመኝ ምርቃት ብቻ ነበር። ለጥያቄው የጨመረው ነገር ባይኖርም ክሩን በወግ ስለከፈተ አላጠፋሁትም።

2ኛው ከዘጌ የሚጽፍ ቡና ነጋዴ ነው፤ ዋናውን ክርክር የጀመረው እሱ ነው። እሱ እንደሚለው ቫይረሱ በጥር 2012 አገራችን ሲገባ የእሱ ሰፈር ሰው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር እየጠጣ፣ ምች ለመሰለው ሁሉ ዳማከሴ እያሸ ከረመ፤ በኮሮና የሞተም አላየም። ቀኑን ሙሉ በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ቁልቁል ሲል የሚውል፣ የታሸገ ምግብ የማያውቅ ሰው መርፌ ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባውም። ጤና ባለሙያዎችን እንዳያስቀይም ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቋል። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይኸው መልስ ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ ስለነበረ ይመስለኛል።

3ኛዋ በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ነጋዴውን ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን እንደሚያለሰልሱ፣ እሷም ሳል ሲይዛት እንደምትጠጣ፣ ቫይረሱን ግን እንደማይገድሉት ጻፈች። ቀጥላ ያመጣችው ምሳሌ እስከ ክሩ መጨረሻ ሲጠቀስ ኖሯል። ሰው በደንብ ሲበላ፣ ሲተኛና ሲንቀሳቀስ የሰውነቱ ዘበኞች ጠግበውና ነቅተው ያድራሉ። የሌባውን መልክ ግን አያውቁትምና ሲያልፍ ዝም ይሉታል፤ የሚያውቁት ቤቱን ከዘረፈ በኋላ ነው። ክትባት የሌባውን ፎቶ አስቀድሞ ለዘበኛው ማሳየት ነው። ዘበኛው ተርቦ ከተኛ ፎቶው ብቻውን እንደማይጠቅምም አልሸሸገችም፤ እንዲያውም የእናትየው ስኳር ከሁሉ በፊት እንዲለካ ያሳሰበችው እዚሁ ላይ ነው።

ቀን የሚያርም ሰው ከየትም መድረክ አይጠፋም፤ የእኛው 4ኛው ላይ መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው በጥር ሳይሆን መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ሰውየውም ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ባሕር ዳር መግባትና ከባሕር ዳር መውጣት ለሁለት ሳምንት ተከለከለ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። 2.2 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ሲሆን፣ መከተብ የተጀመረው ልክ ዓመቱን ጠብቆ መጋቢት 4 ነው። ይህን ሁሉ ቀን የደረደረው ለወግ አልነበረም። በ2012 ለማንም የሚደርስ ክትባት ስላልነበረ የዘጌው ዝንጅብል የተወዳደረው ከባዶ ጋር ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ትዝታ የትኛው እንደሚሻል ሊያስረዳ አይችልም። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ ስንት ነበር? ነጋዴው ቀኑን ተቀብሎ አመሰገነ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

5ኛው የዝንጅብል፣ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደተሰቀለ ብቻ አስታወሰ። 6ኛው ባጃጅ ነጂ ነው። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቁ እየተባለ ሦስት ሰው ከኋላ ስለሚቀመጥበት ባጃጅ የጻፈው በጣም አስቆኛል፤ ሁለት እርምጃ ለመራቅ አንዱ ተሳፋሪ ጣሪያው ላይ መውጣት ነበረበት። በግማሽ ጫኑ ሲባል የቀን ገቢው ግማሽ ሆነ፤ የባጃጁ ባለቤት የሚጠብቀው ሒሳብ ግን ሙሉ ነበር። ስልክ በደወለ ቁጥር ሰው ከማንሳቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚመክረውን ድምፅም አልረሳውም። እኔም አልረሳሁትም።

7ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው እህቱን ያገባው ሰው ሁለቴ ተከትቦ በሦስተኛው ወር ኮሮና እንደያዘው ገልጾ፣ ክትባት የሚባለው ነገር ማታለያ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። 8ኛው መሃይም ብሎ ሰደበው፤ ስድቡን አንስቼ ቀሪውን ትቼዋለሁ፣ ቀሪውም ብዙ አልነበረም። ተሰድቦ ክንዱን ለመርፌ ያቀረበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

9ኛው የነርሷ ነው፤ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ክትባቶቹ ሲሞከሩ በመጀመሪያው ዓይነት ቫይረስ እንዳይታመሙ የመከላከል አቅማቸው የፋይዘሩ 95 በመቶ፣ የአስትራዜኔካው በአማካይ 70 በመቶ ገደማ ነበር። ያኔም ቢሆን መቶ በመቶ አልተባለም። ቫይረሱ ራሱን እየለወጠ ሲሄድ፣ ወራትም ሲያልፉ፣ እንዳይዝ የመከልከሉ አቅም ቀነሰ። በጽኑ እንዳይታመሙና እንዳይሞቱ የመጠበቁ አቅም ግን የተሻለ ሆኖ ቆየ፤ ማጠናከሪያ መርፌ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከዚያ 7ኛውን ጸሐፊ በትሕትና ጠየቀችው፦ ዘመዱ ሆስፒታል ገብቶ ነበር? ኦክስጅን አስፈልጎት ነበር? 10ኛው መልስ የእሱ ነው፤ ሰውየው ሳምንት ያህል ቤቱ እያሳለው ተኝቶ ተነሣ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እዚህ ላይ አወያይነቴን ትቼ የራሴን ልበል። ሕዝቡ ክትባት ፈራ፣ አላወቀም፣ ወሬ ሰማ እየተባለ ሲነገር ሰምተናል። ወሬው ነበር፣ አልክድም። ግን ብዙ ሰው የተነገረው ከተከተብክ በሽታው አይይዝህም የሚል ነው። እንዲህ ተብሎ የተከተበ ሰው ሲያዝ ተዋሸሁ ቢል አልፈርድበትም። ክንድህ ያብጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ያተኩስህ ይሆናል፣ በኋላም ቫይረሱ ሊይዝህ ይችላል፣ ኦክስጅን ፍለጋ የመሮጥ ዕድልህ ግን በጣም ይቀንሳል ተብሎ ቢነገረው ኖሮ ሁለተኛውን ለመውሰድ ተመልሶ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። የአባይ ማዶዋ እናት እንኳ የቀሩት ትኩሳቱ እንደሚመጣ ቀድሞ የነገራቸው ስላልነበረ መስሎኝ ነበር። 31ኛው ላይ እንደምታዩት ነገሩ ሌላም አለበት።

11ኛው ሌባው ልብሱን ቢቀይርስ ብሎ የነርሷን ምሳሌ መልሶ ጣለባት። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2014 ኦሚክሮን ብሎ የሰየመው ዝርያ የተከተበውንም ቀድሞ የታመመውንም በብዛት መያዙን አንሥቷል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። 12ኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልብሱ ቢቀየርም ሰውነታችን የሚያስታውሰው ልብሱን ብቻ አይደለም አለ። በደም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ሲያመልጣቸው፣ የተያዘውን ሕዋስ ለይተው የሚያጠፉት ሌሎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ አሁንም ያውቁታል። በሽታው ቢይዝም የሚቀለው በዚህ ነው። በዚያው ላይ ዘር ይቀይራል ለሚለው ወሬ መልስ ሰጠ፤ የፋይዘሩ ክትባት ለሕዋሱ የሚያደርሰው በቫይረሱ ገላ ላይ ያለውን እሾህ መሰል ፕሮቲን የመሥሪያ መልእክት ሲሆን፣ መልእክቱ ዘረ መላችን ወዳለበት አስኳል ሳይገባ ከጊዜ በኋላ ይፈርሳል። ደም መርጋትስ ተብሎ በግል ተጠይቆ ኖሮ እሱንም አልደበቀም። ከአስትራዜኔካና ከጆንሰን ክትባቶች ጋር የተያያዘ፣ በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት የደም መርጋት ነበር፤ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለወጣቶች አስትራዜኔካ መስጠት ያቆሙት በዚያ ምክንያት ነው። ይህን መጻፉ አንዳንዶችን አስከፍቷል። እኔ ግን ከብዙ ማባበያ ይሻላል ባይ ነኝ።

13ኛው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እሳቸውን በመድረካችን አንቱ የማይል የለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 በሚካኤል ዕለት ቆሻሻ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ መሆኑን አስታወሱ። በሽታው በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሳይንቲስቶች ለይተው ያገኙት በ1933 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በጊዜው ክትባት ቀርቶ ጠላቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅም አልነበረም። መምህሩ ግን ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው። ያ በሽታ በብዛት የጨረሰው ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን፣ አራሹንና ወታደሩን ጭምር ነው። ጠንካራ ገላ ብቻውን ቢያድን ኖሮ የዚያን ዘመን ጎልማሳ ያድነው ነበር። ነጋዴው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ላይክ አድርጎ አለፈ።

14ኛው፣ 15ኛውና 16ኛው ከመንገድ ወጡ። አንደኛው የኅዳሩ ጭስ ቫይረስ እንደማይገድል፣ ዛሬ ደግሞ የምናጥነው ቅጠልና ገለባ ሳይሆን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሆነ ሳንባን እንደሚጎዳ ጻፈ። ሌላው ፌስታሉ ካልተቃጠለ በጎርፍ ጣና ይገባል አለ። ሦስተኛው ጣና ከተነሣ እምቦጩስ ብሎ ጀመረ፤ እምቦጭ ባለበት ክር የሚያልቅበትን ስለማውቅ እዚያው ቆረጥኩት። ስለ እምቦጭ የራሱ ክር አለ፣ እዚያ ሂዱ።

17ኛውን የጻፉት ከጎርጎራ በኩል ያሉ አባት ናቸው፤ ልጃቸው በስልኩ እየጻፈላቸው። ክንዳቸው ላይ እስከ ዛሬ ስላለው የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ነው የነገሩን። ከታቢዎቹ ሲመጡ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ደንገሉ ውስጥ ተደብቀው ነበር፤ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አንድ ሽማግሌ ፊቴን እዩና ምረጡ ብለው ካወጧቸው በኋላ ሁሉም ተከተበ። በአገራችን የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1968 ክረምት ነው። የዓለም የመጨረሻው ተፈጥሯዊ ታማሚ በጥቅምት 1970 ሶማሊያ ውስጥ ታየ፤ በ1972 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ከሽማግሌው ፊት የበለጠ ማስረጃ ያቀረበ ሰው አላየሁም።

18ኛው ይህን ሰምቶ ኮራ፤ ኩራቱ ግን ስለታም ነበር። አባቶቻችን ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው የጤነኛውን ክንድ በመጫር ይከትቡ ስለነበር ፈረንጅ ሊያስተምረን አይገባም፤ ነርሷም ከነጭ የተማረችውን ትደግማለች አለ። 19ኛው ላይ ተማሪው ተመልሶ መጣ። የቀደሙት ያንን ማድረጋቸው እውነት ነው፣ ብልሃትም ነበር። ነገር ግን የሚያስገቡት እውነተኛውን የፈንጣጣ ቫይረስ ስለነበር የተከተበው አንዳንዴ ይሞት፣ አንዳንዴም ለሰፈሩ ያዛምት ነበር። በ1796 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ክትባት ከላም የተገኘ ቀለል ያለ ዘመድ ቫይረስን ስለተጠቀመ ያንን አደጋ ቀነሰ። ነርሷ ስለ ነጭ የተባለውን አልመለሰችም፤ ደግ አደረገች።

20ኛው በየማለዳው ከጊዮርጊስ ወደ ጣና ዳር የሚሮጥ የስፖርት አሠልጣኝ ነው። በእሱ አስተያየት ነርሷ ስላነሳቻቸው ዘበኞች እንቅልፍና ስንቅ ማንም በቅጡ አልጻፈም። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ የአባይ ማዶዋ እናት ሩጫ አያስፈልጋቸውም፣ ድልድዩን በእግር ተሻግሮ መመለስ ይበቃቸዋል። በኮሮና የባሱት ስኳር፣ ደም ግፊትና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ስለሆኑ፣ ስኳርን መቆጣጠር ቀጣዩ ቫይረስ ምንም ይሁን ምን ኪሳራ የለውም። ሲጋራ ይቁም፤ በተዘጋ ክፍል ተሰብስቦ መቃምና ሺሻ መቀባበልም ይቅር። በምግቡ ላይ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ ብሎ ሲዘረዝር ጾም ለያዘ ሰው ዓሣም ይመከራል የሚል ቃል አስገባ።

ያቺ ቃል ናት ያበላሸችው። 21ኛው በጾም ዓሣ እንደማይበላ በቁጣ ጻፈ፤ 22ኛው የጣና ዳር ሰው ድሮም ይበላል ብሎ ቆሮሶና አምባዛ ቆጠረበት። ለንስሐ አባታችሁ ውሰዱት ብዬ 23ኛው ላይ እኔ ዘጋሁት። አሠልጣኙ ደንግጦ ዓሣዋን ከዝርዝሩ አወጣት።

24ኛው ላይ ጥያቄ ያነሳችው እህታችን ተመልሳ መጣች፤ ይዛው የመጣችው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እናቷ ገበያም ሠርግም ሊቀሩ ይችላሉ፣ ለቅሶ ግን አይቀሩም። ድንኳን ውስጥ ተጨናንቆ መቀመጥ፣ መሳሳም፣ በአንድ ጣሳ መጠጣት እንዴት ይሆናል? 25ኛው የአንድ ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ በ2012 ያደረጉትን አካፈሉ። የድንኳኑን ሁለት ጎን ከፍ አድርገው አሰሩት፤ መግቢያው ላይ ጀሪካንና ሳሙና አስቀመጡ። ዕቃው በየሰው ተለየ። ለቀስተኛው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ እያለ እንዲደርስ ዕድሩ በስብሰባ ወሰነ። መጀመሪያ ላይ ሰው ቅር ቢለውም ታላላቆቹ ሲያደርጉት ሁሉም ተከተለ። አንድ ሰው ብቻውን አልስምም ቢል ትዕቢተኛ ይባላል፣ ዕድር ሲወስን ግን ደንብ ይሆናል፤ ይህን ቢያንስ ሁለቴ አንብቡት።

26ኛው መሐንዲስ ነኝ የሚል ነው። የድንኳኑ ጎን መከፈት ከጀሪካኑ እንደሚበልጥ ጻፈ፤ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ሰው በተነፈሰው አየር ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 በአየር አይተላለፍም ብሎ ጽፎ እንደነበር፣ በኋላ ግን አቋሙን እንደቀየረም አነሳ። 27ኛው ይህን አፍሶ ወሰደ፤ እነሱ ራሳቸው ካላወቁ ማንን እንመን፣ ዝንጅብሌን አምጡልኝ የሚል ነው። ስለታም ነበር፣ ግን ስድብ ስላልነበረው አልነካሁትም። ድርጅቱ ስቶ እንደነበር ያወቅነው ሌሎች ተመራማሪዎች ለክተው ስለተከራከሩት ነው፤ የዝንጅብሉን አቅም ግን ለክቶ የተከራከረ በዚህ ክር አላየሁም።

28ኛው ክሩን ወደ ጂንካ መለሰው፤ በሥራ ላይ ያለ ሐኪም ይመስለኛል። ሁሉን ቫይረስ እንደ ኮሮና ማየት ስሕተት እንደሆነ ነው የጻፈው። ማርበርግ የሚተላለፈው በታማሚው ወይም በሟቹ ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ ነው፤ መነሻውም ፍራፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች ናቸው። ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለውም። ስለዚህ እዚያ መርፌ ወይስ ዝንጅብል የሚለው ክርክር ራሱ ቦታ የለውም፤ የሚያድነው ታማሚን ቶሎ ለይቶ ማከም፣ አስከሬንን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ከታማሚው ጋር የተገናኙትን መከታተል ነው። በግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ የተገኘው የዝንጀሮ ፈንጣጣ ግን ክትባት አለው። እያንዳንዱ በሽታ ሲመጣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ክትባትስ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ከወሬው ይቅደም አለ። እህታችን ጥያቄዋን እንዲህ ማስተካከሉን ወዳዋለች።

29ኛው ጉንፋን በያዘው ቁጥር አዚትሮማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ እንደሚውጥ፣ በኮሮናም ጊዜ የሰውነት መቆጣትን ከሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ጋር ወስዶ እንደዳነ ምክር አድርጎ ጻፈ። 30ኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ ክሩ ውስጥ ቁጣዋ ትክክል ነው ያልኩት የእሷን ብቻ ነው። አዚትሮማይሲን ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አይሆንም፤ ያለ ቦታው ሲወሰድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ዴክሳሜታዞን በሰኔ 2012 ይፋ በሆነው ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት በመሣሪያ የሚተነፍሱትን ታማሚዎች ሞት በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየበትም፣ ሊጎዳም ይችላል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። እህታችን እናቷ ጓዳ ያለውን የመድኃኒት ፍሬ ዛሬውኑ እንድትፈትሽ በጥብቅ አሳሰበቻት።

31ኛው የእህታችን ነው። መልሶቹን ለእናቷ አንብባላቸው ነበር። ጓዳው ውስጥ አንድ ቅጠል አዚትሮማይሲን ተገኘ፤ ስኳራቸውን ለመለካት ተስማምተዋል፤ ድልድዩን በእግር መሻገሩን ጉልበቴ ከፈቀደ ብለዋል። ስለ ክትባቱ ግን ስንከራከርበት የኖርነውን ገለበጡብን። እሳቸው ክትባቱን አልተጠራጠሩም፤ ቀድሞውንም ሕፃናቱን ሁሉ ሲያስከትቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ትኩሳቱ ሲጀምራቸው ቤቱ ውስጥ ውኃ የሚያቀብላቸው አልነበረም፤ ሌሊቱን ብቻቸውን መንቀጥቀጡ ነው ያስፈራቸው። ወደፊት ክትባት ቢመጣ ሁለት ሌሊት አብሯቸው የሚያድር ሰው ካለ ይከተባሉ። ልጅቷ ቁርስ ቤቱን ለማን ትታ እንደምታድር እያሰበች ነው። ሁለት ጎረቤቶች በክሩ በኩል ተራ እንግባ ብለው ስላሉ የሚሳካ ይመስላል።

32ኛው ላይ ባጃጅ ነጂው ተመለሰ። እኚህ እናት የሚሉት የእሱም ችግር ነው፤ ለሚያተኩስበት ቀን የቀን ሒሳቡን ማን ይከፍልለታል? ተከትቦ ቢተኛ ባለቤቱ ገንዘቡን አይተውለትም፤ ነጂዎቹ ሁሉ ያልተከተቡት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ነርሷ 33ኛው ላይ ከተራ አስከባሪዎችና ከባጃጅ ነጂዎቹ ማኅበር ጋር መነጋገር እንደሚቻል ጻፈች፤ ወደፊት ዘመቻ ሲኖር ከታቢዎች ማታ ተራው ድረስ ቢመጡ፣ ነጂዎቹም በየተራ ቢከተቡና ማኅበሩ የአንድ ቀን ሒሳባቸውን ከቁጠባው ቢሸፍን። ቅዳሜ ማታ ተከትበው እሑድ እንዲያርፉ ሐሳብ አቀረበች። 34ኛው መልስ የነጂው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግና ለቅሶ ስላለ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለ የሚሠራበት ቀን ነው፤ ገበያው የሚቀዘቅዘው ማክሰኞ ስለሆነ መከተቡ ሰኞ ማታ ይሁን አለ። ነርሷ ተስማማች። ማኅበሩን የሚያነጋግረው ማን እንደሚሆን እስካሁን አልተወሰነም፤ የማኅበሩ አባል የሆናችሁ ካላችሁ 35ኛው ላይ ጻፉ።